ከጋፋትኛ የተረፈን ወረቀት ነው

ጋፋት ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ሴቫስቶፖል ነው። አጼ ቴዎድሮስ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ቦታ፣ መድፉ፣ እስከ መቅደላ የተጎተተበት መንገድ። ትምህርት ቤት የተማርነው ይኸንን ነው። ጋፋትኛ የሚባል፣ መድፉ ከተሠራባት ቦታ ራቅ ብሎ አባይ ዳር ይነገር የነበረ ቋንቋ እንደነበረን ግን የነገረን ሰው የለም። እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ያውም ከሰው አፍ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሌላ መጽሐፍ ስፈልግ እጄ ላይ ከገባ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነው።

የመጽሐፉ ጸሐፊ ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ናቸው። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ያሉት ቤት ውስጥ የእሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት አይጠፋም። የግዕዝ ተማሪም ያለ እሳቸው መዝገበ ቃላት አይንቀሳቀስም። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ዝናቸው አይደለም። እሳቸው ዘንድ ስለ ደረሱት ወረቀቶች፣ ከእሳቸው ስለ ወጡት ወረቀቶች፣ እና እነዚያን ወረቀቶች ስለ ተቀባበሉት ሰዎች ነው። ወረቀት ብቻውን ቆሞ አይኖርም። የሚሰጥ ሰው አለ፣ የሚቀበል ሰው አለ። አንዱ ከጠፋ ወረቀቱም ይጠፋል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ ላይ ግን የእኛው ነው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ሌስላው ከመወለዳቸው በፊት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ ጎንደር ከረመ። የአባይን ምንጭ ፍለጋ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ያን ያህል የማይወራለት ሌላ ሥራ ግን አለው። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን እዚሁ አገር በሚነገሩ በርካታ ቋንቋዎች አስተርጉሞ፣ አስጽፎ፣ ይዞ ሄደ። አንዱ ጋፋትኛ ነው። ስምንት ምዕራፍ ሙሉ የፍቅር መዝሙር በጋፋትኛ! ጽሑፉ ከብሩስ ሌሎች መጻሕፍት ጋር ዞሮ ዞሮ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። እዚያ ተቀመጠ።

ከብሩስ በኋላ፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ጎጃም ውስጥ ነበር። የጋፋትኛ ቃላት ሊሰበስብ ሲሞክር ምን ያህል እንደተቸገረ ጽፎልናል። አዲሱ ትውልድ ጭራሽ አያውቀውም ይላል። እንናገረዋለን የሚሉት ትልልቆቹም አጥርተው አይችሉትም ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ሌስላው ከመምጣታቸው መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። ጋፋቶች በመካከለኛው ዘመን ከአባይ በስተደቡብ ይኖሩ ነበር፤ ኋላ ወደ ጎጃም ተሻገሩ፤ እየቆየም በዙሪያቸው ያለውን አማርኛ ያዙ። ቋንቋ ሲሄድ እንዲህ ነው የሚሄደው። ማንም አልከለከላቸውም ይሆናል፤ ልጆች በአንዱ ይመልሳሉ፣ እናት ትለምደዋለች፣ ከዚያ አንድ ቀን አያት ብቻዋን የምትናገረው ይሆናል።

እንግዲህ ሌስላው በ1945 አሜሪካ ሆነው «የጋፋት ሰነዶች» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም። የነበራቸው ወረቀት ብቻ ነው። የብሩስ ጽሑፍ፣ በፊት የተሰበሰቡ የቃላት ዝርዝሮች፣ እና ሌሎቹን የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ማወቃቸው። ከዚያ ላይ ሰዋስው አወጡ፣ ቃላቱን ደረደሩ። አንድ ሰው ከሞተ ዘመድ ደብዳቤ ላይ ድምፁን ለመስማት እንደሚሞክረው ዓይነት ሥራ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የጉገንሃይም የምርምር ድጋፍ አግኝተው ኢትዮጵያ መጡ። በ1947 ጋፋትኛ ይነገርበት ወደነበረው አካባቢ ሄዱ። ብዙ ፈለጉ፣ ብዙ ጠየቁ። መጨረሻ ላይ ቋንቋውን ገና የሚናገሩ አራት ሰዎች አገኙ።

አራት።

ይህን ቁጥር ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቆየሁ። አራት ሰው ማለት አንድ መሶብ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ነው። ከእነሱ የሰሙትን ይዘው ሄዱና በ1956 ያ እኔ ያገኘሁት የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ወጣ። ጋፋትኛን የሚገልጽ፣ ከሌሎቹ ጋር የሚያነጻጽር ሥራ ነው። ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ የሚባሉት ሌላው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ ስለ ጋፋትኛ ሲጽፉ፣ እስካሁን የመጨረሻ ትንፋሹን ሳይተነፍስ አልቀረም ብለው ነው የደመደሙት።

እኔን የሚገርመኝ የ1945ቱ መጽሐፍ ነው። በፊት ወረቀቱን ባያነቡት ኖሮ እዚያ ደርሰው ምን ብለው እንደሚጠይቁ አያውቁም ነበር ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ብሩስ ያስጻፈው ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ በእሳት ወይም በምስጥ ጠፍቶ ቢሆን፣ ጋፋትኛ የሚባል ነገር ፍለጋ ማን ይነሳ ነበር? ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ የተረጎመው ሰው፣ ኦክስፎርድ ላይ የጠበቀው ሰው፣ አሜሪካ ሆነው ያነበቡት ሰው፣ እነዚያ አራቱ ሰዎች። በመካከላቸው መቶ ሰባ ምናምን ዓመት አለ። ግን በአንድ ክር ተያይዘዋል።

ስለ ሌስላው ራሳቸው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ወረቀት ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በኅዳር 1906 ፖላንድ ውስጥ ቼንስቶሆቫ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለች ክርዜፒትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው አጡ። ለመማር ቪየና ሄዱ፤ ከዚያ ፓሪስ ገቡ። ፓሪስ ላይ ያገኟቸው መምህር ማርሴል ኮሄን ይባላሉ። ኮሄን በ1910 እና 1911 ኢትዮጵያ መጥተው ጥናት ያደረጉ፣ በ1936 ደግሞ ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው በፈረንሳይኛ ያሳተሙ ሰው ናቸው። የኮሄን መምህር አንትዋን ሜዬ ነበሩ። ሜዬ ደግሞ ፓሪስ ላይ የፈርዲናንድ ደ ሶሲዩርን ትምህርት የተከታተሉ ናቸው። ቋንቋ ጥናት አንድ ኮርስ የወሰደ ሁሉ የሶሲዩርን ስም ይሰማል። እዚያ ስም ላይ ቆመን፣ ከሶሲዩር እስከ እነዚያ አራት የጋፋት ሰዎች ብንቆጥር በመካከል ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሜዬ፣ ኮሄን፣ ሌስላው።

ይህ የቅኔ ቤት ሰው በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ አገር አንድ ሊቅ ከማን ተማረ ተብሎ ነው የሚጠየቀው፤ የትኛውን መጽሐፍ አነበበ ተብሎ አይደለም። እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ደግሞ ከእገሌ ተብሎ ሐረጉ ይቆጠራል። የፈረንጆቹም ዩኒቨርሲቲ በውስጡ ያው ነው። ዲግሪው ላይ የማይጻፍ ግን ደብዳቤው ላይ የሚገኝ ሐረግ አለ።

በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ሌስላው ተያዙ። ፒሬኔ ተራሮች አጠገብ ወዳለ የእስረኞች ካምፕ ተላኩ። ያንን ከባድ ክረምት ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር እዚያ አሳለፉ። ከዚያ በደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ አጠገብ ሌ ሚል ወደሚባል ሌላ ካምፕ ተዛወሩ። በዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት እገዛ ነው የወጡት። በ1942 ናዚዎች አካባቢውን ከመያዛቸው በፊት ቤተሰቡን ይዘው አሜሪካ ገቡ። በዚያው የጭንቅ ዘመን፣ በ1941፣ ፓሪስ ላይ የትግርኛ መጽሐፋቸው ታትሟል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል፤ ያስደስተኛልም። ሰውየው በአገሩ መኖር አልቻለም፤ ስለ ትግርኛ የጻፈው ግን በዚያው ከተማ ታተመ።

ኒው ዮርክ ሲደርሱ ከፈረንሳይ የሸሹ ምሁራን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነበረ። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እና የሰው ልጅን ባህል የሚያጠኑት ክሎድ ሌቪ ስትሮስ ያስተማሩት እዚያ ነው፤ ሌስላውም አስተማሩ። አገር የሌላቸው ሰዎች አንድ ጣራ ስር ሆነው እየተደጋገፉ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በ1951 ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1955 ደግሞ ካሊፎርኒያ ሎስ አንጀለስ። በ1976 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ነበሩ።

ጡረታ ስል ግን ቃሉ ያሳስታል። ትልልቁ ሥራቸው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ቅጽ ያለው፣ 12 የጉራጌ ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን የያዘው መዝገበ ቃላት በ1979 ወጣ። የግዕዙ በ1987። ትልቁ የአማርኛ ሰዋስው በ1995፣ ሰውየው 89 ዓመት ሊሞላቸው ሲል። የሞቱት መቶኛ ዓመታቸውን ባከበሩ በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር 18 ቀን 2006 ነው።

አሁን ወረቀቶቹ ወደሚቀመጡባቸው ሣጥኖች ልምጣ። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ቀን ተቀምጦ አይጻፍም። ሠላሳ ዓመት የተሰበሰበ ወረቀት ይጠይቃል። መጀመሪያ የመስክ ደብተር አለ፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ ዳር ዳሩ ላይ ጥያቄ ምልክት የበዛበት። ከዚያ ካርድ አለ፤ አንድ ቃል በአንድ ካርድ፣ በፊደል ተራ ተደርድሮ፣ ሣጥን ሙሉ። ከዚያ ረቂቅ፣ የታረመ ረቂቅ፣ የማተሚያ ቤት እርማት። እነዚህ ሁሉ ለቋንቋ አጥኚ ወርቅ ናቸው። የታተመው መጽሐፍ ውስጥ ያልገባ ነገር ሁልጊዜ ካርዱ ላይ አለ። ምሳሌው ያልተመቸ ቃል፣ ሁለት ሰው በሁለት መንገድ የጠራው ግስ፣ «ይህን ደግሜ ልጠይቅ» የተባለበት ቦታ።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ደብዳቤዎቹ ናቸው። አንድ የቋንቋ አጥኚ የሞተ ጊዜ ቤተ መዛግብት የሚገባው ግማሽ በግማሽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ላይ ሰው አይኮራም። መጽሐፉ ላይ «ይህ ግልጽ ነው» ያለው ሰው፣ ለጓደኛው ሲጽፍ «ይህን ግስ አልገባኝም፣ አንተ ጋ ምን አለ?» ይላል። አንድ ተማሪ ጥናቱን ለመጀመር ገንዘብ ሲለምን፣ አንዱ ፕሮፌሰር ለሌላው «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው፣ እርዳው» ሲል፣ ሁለቱ ሊቃውንት ሲኳረፉ፣ ሲታረቁ፣ ሁሉም እዚያ አለ። እንደ 1959ኙ የሮም የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ያለ ነገር በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ያ ጉባኤ በ1963 ማንቸስተር፣ በ1966 አዲስ አበባ ላይ የቀጠለው ከስብሰባው በፊት ለዓመታት ደብዳቤ ሲጻጻፉ የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲከፈትም እንዲሁ ነው።

ይህ የደብዳቤ መረብ ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለጋችሁ ሮበርት ሄትዝሮንን ተመልከቱ። ቡዳፔስት የተወለዱ፣ ከሃንጋሪ ወጥተው ብዙ አገር የተንከራተቱ፣ መጨረሻ ላይ ሎስ አንጀለስ ሌስላው ዘንድ ደርሰው በ1966 ዶክትሬታቸውን የሠሩ ሰው ናቸው። ጥናታቸው ስለ አዊኛ ነበር። በ1972 ግን የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎችን ዝምድና እንደገና የሚያወጣ መጽሐፍ አሳተሙ። እዚያ ላይ ጋፋትኛን ያስቀመጡበትን ቦታ ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ጎጃም ውስጥ አማርኛ መካከል የነበረው ጋፋትኛ ቅርብ ዘመዱ አማርኛ አይደለም። ክስታኔ ነው! ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የሚነገረው ክስታኔ፣ ሶዶ የምንለው። ሄትዝሮን በአንድ የግስ ምልክት ተነስተው «የ‹ን› ቡድን» ብለው ጎጎት ከሚባለው የጉራጌ ቋንቋ ጋር አንድ ላይ መደቧቸው።

አስቡት። አንዱ አባይ ዳር ነው፤ ሌላው ከአዋሽ ወዲያ ነው። በመካከላቸው ያለው አገር ስፋት፣ ያለፈው ዘመን ርዝመት። ሰዎቹ ተረስተዋል፤ ግሱ ግን አልረሳም። ይህን ለማወቅ ደግሞ የሄትዝሮን ብልሃት ብቻ አይበቃም። ከአራቱ ሰዎች የተሰማው ግስ በትክክል ተጽፎ መቀመጥ ነበረበት። ግሶቹ ባይጻፉ ኖሮ ጋፋትኛ ዛሬ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ስም ብቻ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፈረንጆቹ ሐረግ ነው። አሁን የሌስላውን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ክፈቱና የጠቀሷቸውን ሰዎች ተመልከቱ። ጀርመናዊው ዲልማን በ1865 ላቲን ላይ ያሳተመው አለ፤ ይጠበቃል። አጠገቡ ግን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አሉ። ሎስ አንጀለስ ላይ የተሠራ መጽሐፍ ውስጥ፣ በየገጹ ማለት ይቻላል፣ የእኛው አለቃ ምስክር ሆነው ይጠራሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የዘመድ ስም ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

የአለቃ ወረቀቶች ታሪክ ደግሞ ከሌስላውም ይበልጥ ልብ ይነካል። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ኖረው ለጣሊያናዊው ሊቅ ለኢኛትሲዮ ጉዊዲ አማርኛን ያስተማሩ፣ ጉዊዲ በ1901 ያሳተሙት የአማርኛ ጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ሲሠራ የረዱ ሊቅ ናቸው። የግዕዙን መዝገበ ቃላት ሳይጨርሱ ለተማሪያቸው ለኪዳነ ወልድ አደራ አሉ። ኪዳነ ወልድ ብዙ ዓመት በኢየሩሳሌም ኖረው፣ ወደ አገር ተመልሰው፣ ድሬዳዋ ሲሠሩ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ አብሯቸው ነበር። የጣሊያንን ወረራ አሳለፉ። በ1936 ዓ.ም. አለቃ አረፉ። መጽሐፉ አልታተመም። ወረቀቱ ደስታ እጅ ቀረ። በአደራ።

ደስታ 12 ዓመት ያዙት። አስተካከሉ፣ ጨመሩ፣ አዲስ አበባ አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። በስማቸው አላሳተሙትም። በመምህራቸው ስም፣ የመምህራቸውን መምህር እያነሱ ነው። የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ጽሑፍ። እኔ ስለ ሊቃውንት ግንኙነት ሲወራ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

አንድ ትንሽ ነገር ላንሳ፤ መጽሐፎቹን ጎን ለጎን የከፈተ ሰው ወዲያው የሚያየው ነው። አንዱን የግዕዝ ቃል በሦስቱም ለመፈለግ ሦስት ቦታ መሄድ አለብህ። ዲልማን በሀለሐመ ተራ ነው የደረደሩት። አለቃ ኪዳነ ወልድ በአበገደ። ሌስላው በላቲን ፊደል ተራ። አንድ ቋንቋ ነው፤ ሦስት በር አለው። አለቃ አበገደን የመረጡት ጥንታዊው ተራ እሱ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው፤ ደስታም የአማርኛውን በዚያው ተራ አስኬዱት። የተማሪ ታማኝነት እንዲህ በፊደል ተራ ሳይቀር ይታያል። መጀመሪያ ላይ ቃል ፍለጋ ያስቸግራል፤ ሲለመድ ግን የቃሉን ሥር ማየት ትጀምራለህ፤ እነሱ ያዩትን ማለት ነው።

ስለ ስም ጉዳይ ካላነሳሁ ይህ ጽሑፍ አይሞላም። የቋንቋ አጥኚ ወረቀት ቤተ መዛግብት ሲገባ ዝርዝር ይዘጋጅለታል። ሣጥን 1፣ ደብዳቤ፣ ከእገሌ ወደ እገሌ። ሣጥን 2፣ የመስክ ደብተር። ፕሮፌሰሮቹ በሙሉ ስማቸው ይመዘገባሉ። ተናጋሪዎቹ ግን ብዙ ጊዜ «መረጃ አቀባይ» ተብለው ያልፋሉ። የቋንቋው ባለቤት ግን እሱ ነው። ሌስላው ራሳቸው በዚህ ከብዙዎቹ ይሻላሉ እላለሁ፤ ሐረሪዎች፣ ቸሃዎች፣ ሶዶዎች፣ ሙሁሮች ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ለቅሷቸው፣ ስለ ቤት አሠራራቸው በራሳቸው ቋንቋ የተናገሩትን ጽሑፍ እንዳለ በተከታታይ መጽሐፍ አሳትመዋል። የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማም ቀድተው በ1951 በሸክላ እንዲወጣ አድርገዋል። ቢሆንም በጥቅሉ፣ በዚያ ዘመን ሥራ ሁሉ ላይ፣ ይህ ጉድለት አለ። ዛሬ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ደብተሩ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን የተናጋሪ ስም አውጥተው ከፕሮፌሰሩ እኩል ቢጽፉት እላለሁ። ካልሆነ የተናጋሪው የልጅ ልጅ አያቱን ፈልጎ ሲመጣ በምን ስም ይፈልጋል?

ይህን ያህል የሚቆረቁረኝ ምክንያት አለኝ። ሠፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ተረትና ምሳሌ ይሰበስቡ ነበር። የሚያውቀውን ያልጠየቁት ሰው የለም፤ ወተት የሚያመጣውን ሰውዬ፣ እንጨት የምትሸጠዋን ሴትዮ፣ ለቅሶ ቤት የመጣ እንግዳ። ማን እንደነገራቸውና ከየት አገር እንደመጣ ከጎኑ ይጽፉ ነበር። ደብተሮቹን አይቻቸዋለሁ፤ አሥራ ምናምን ይሆናሉ፣ ሽፋናቸው በፕላስቲክ የተለበጠ። ሲያርፉ ልጆቻቸው ውጭ ነበሩ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ተቀበሉን አልኩ። ቦታ የለንም አሉኝ፤ ደግሞ «የታተመ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም ስል ነገሩ አበቃ። እመለስበታለሁ ብዬ ወራት አለፉ። ቤቱ ተለቀቀ። አንድ ቀን ጥግ ካለው ሱቅ ቆሎ ስገዛ መጠቅለያውን ፈታሁት። የጋሼ እጅ ጽሑፍ ነው። አንድ ምሳሌ፣ ከጎኑ የነገረው ሰው ስም፣ ከሥሩ «መርሐ ቤቴ»።

ሱቁ ውስጥ የቀረውን ገዛሁ። ሰባት ቅጠል ነው። እስካሁን አለኝ።

ለዚህ ነው የደስታ ተክለ ወልድ 12 ዓመት ለእኔ ተራ ቁጥር ያልሆነው። ደስታ ባለሙያ ነበሩ፤ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን አደራ የተባሉ ሰው ነበሩ። ጋሼ ማንንም አደራ አላሉም። እኔም አደራ በሉኝ አላልኳቸውም።

ስለዚህ አሁን ትልቅ ሰው ቤት ስሄድ እጠይቃለሁ። ደብተር አለዎት? ማን ያውቀዋል? ከማን ሰምተው ነው የጻፉት? አንዳንዱ ይስቃል። አንዷ እናት ግን ተነስተው ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡልኝ፤ ውስጡ የባለቤታቸው ደብዳቤዎች አሉ፤ ባለቤታቸው በወጣትነታቸው አንድ የውጭ አገር ተመራማሪን በአስተርጓሚነት ይረዱ ነበር። ደብዳቤዎቹ ተመራማሪው ለባለቤታቸው የጻፋቸው ናቸው። ሁለቱ ለአርባ ዓመት ተጻጽፈዋል። ሰውየው ስለ ግስ ይጠይቃል፤ እሳቸው ይመልሳሉ፤ መልሱን የማናየው የእሳቸው ደብዳቤ ሌላ አገር፣ ሌላ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ነው። አሁን ሁለቱን ግማሾች ለማገናኘት እየጻፍኩ ነው።

ባለፈው ሰሞን ክስታኔ የሆነ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ከሌስላው መጽሐፍ ላይ አንድ የጋፋትኛ ጽሑፍ መርጬ ቀስ ብዬ አነበብኩለት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ዝም ብሎ ሰማ። አንዳንዱን ቃል ያዘው፣ ብዙውን አልያዘውም፣ አንዱ ግስ ላይ ግን «ቆይ ቆይ፣ እሱን ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። «የእኛ ነው እኮ» አለ። ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ እኔ መልስ የሌለኝ ነው። «ማን ነው የተናገረው?»